የቱ ዘበኛ?

ወንድሟ የመጨረሻውን መስመር ስቦ ጠመኔውን ከማውረዱ በፊት ድንቢጥ ከአልጋው ጫፍ ዘላ ተነሣች።

«ያዝኩህ» አለችው። «ዛሬ ዕቃ ማጠቡ ያንተ ነው።»

«ምን አደረግኩ ደግሞ?»

«ዘበኛውስ?»

ወንድሟ ዞር ብሎ አያት። ከኋላው ያለው ሰሌዳ በእርግጥ ሰሌዳ አይደለም፤ የቁም ሳጥኑ በር ነው። ታሞ ቤት መዋል ሲበዛበት ራሱ ጥቁር ቀለም ቀብቶት ነው። ጠመኔው በጣቶቹ መካከል እንደተያዘ ቀረ።

«የቱ ዘበኛ?» አለ።

ድንቢጥ እስኪስቅ ጠበቀች። ሊያታልላት ሲሞክር የከንፈሩ ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ያሳብቅበታል። አሁን ግን ከንፈሩ አልተነቃነቀም። ዓይኑ ከእሷ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ እሷ ተመላለሰ። የምሩን ነበር የጠየቃት።

ይህን ወንድሟን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ፕሮፍ» ነው የሚለው። እሷን ደግሞ «ድንቢጥ» ያላት እሱ ነው፤ አንድም ትንሽ ስለሆነች፣ አንድም አፏ ስለማያርፍ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ማጥናት ከጀመረ አንስቶ «ውጤቱን ገምቺ» የሚሉት ጨዋታ አላቸው። እሱ በግራ በኩል ሁለት ነገሮች ይጽፍና ቀስት ይስላል፤ በቀኝ በኩል ምን እንደሚወለድ እሷ ትናገራለች። በእሷ ትምህርት ቤት እዚያ ምዕራፍ ላይ ገና አልደረሱም። ድንቢጥ ግን የክፍሏ ልጆች የዘፈን ግጥም እንደሚይዙት እሷም እነዚያን ቀስቶች በቃሏ ይዛለች።

ከሁሉ የሚወዱት ማግኒዝየም ያለበትን ነው። ካርቦን ከማግኒዝየም ጋር ሲጣመር ጠባዩ ይለወጣል፤ ያገኘውን ሁሉ ካልያዝኩ ይላል። መጽሐፉ የፈረንጅ ስም ይሰጠዋል፤ ፕሮፍ ግን «ግልፍተኛው» ነው የሚለው።

«ግልፍተኛው ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ እንበል» ብሎ ነበር መጀመሪያ ያስረዳት ቀን። «ዘመዱ ኪቶን ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በሰላም ከተገናኙ ተቃቅፈው አልኮል ይሆናሉ። በሩ ላይ ግን ዘበኛ ካለ፣ ማለቴ ኦክስጅን ላይ የተንጠለጠለ ሃይድሮጅን ካለ፣ ግልፍተኛው ማለፍ አይችልም። እዚያው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ይተናነቃል። ተያይዘው ጋዝ ሆነው ይበናሉ። ዘመድየው እንግዳ መምጣቱን እንኳን አይሰማም። ስለዚህ ሰሌዳ ስታዪ መጀመሪያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ዘበኛ።»

«ጎበዝ። አብረውኝ ከሚማሩት ግማሾቹ ይሄን ይረሱና ዜሮ ታቅፈው ይወጣሉ።»

አንዳንዴም ሆን ብሎ ይሳሳታል። ካገኘችበት የዕለቱን ዕቃ እሱ ያጥባል፤ ካላገኘችበት እሷ።

ዛሬ የሳለው የካርቦን ሰንሰለት በአንዱ ጫፍ ዘበኛው ቁጭ ብሎበታል፤ በወዲያ በኩል ኪቶኑ አለ። ግልፍተኛው የመጣው አንድ ድርሻ ብቻ ሆኖ ነው። ስለዚህ በር ላይ ካለቀ አለቀ፤ ሌላ ተከታይ የለውም። ፕሮፍ ግን ቀስቱን በዘበኛው አናት ላይ አሳልፎ በቀጥታ ሳሎን አስገብቶታል።

«ይሄ» አለች በጣቷ እየነካች። «ይሄ ሃይድሮጅን።»

ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዘግይቶ ስለመጣ እንደ ተውሶ ልብስ ፊቱ ላይ አልተስተካከለም።

«እየፈተንኩሽ ነበር እኮ። ነቄ ነሽ።»

ድንቢጥም ልትስቅ ፈለገች። ነገሩ ግን አልጣማትም።

እናታቸው ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ድንቢጥን ይዛት ትገባለች። «እኔ ስደነግጥ የሰማሁትን እረሳለሁ፤ አንቺ ጆሮሽ ይያዝልኝ» ትላለች። የድንቢጥ ጆሮ ዶክተሯ ያለችውን አንድም ሳይጥል ይዞታል። የፕሮፍ ጉበት ደሙን ማጣራት ደክሞታል። ያልተጣራው ቆሻሻ አንዳንድ ጊዜ ወደ አንጎል ይወጣል፤ በየቀኑ እንዲጠጣው ያዘዙለት ሽሮፕ ያንን ቆሻሻ በሆዱ በኩል የሚያስወጣ ነው። «ቀን ቀን እንቅልፍ ከጣለው፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ፣ አሳምሮ የሚያውቀው ነገር ከተምታታበት፣ ‹ትንሽ እንየው› አትበሉ» ብላ ነበር ዶክተሯ። «በዚያው ሰዓት አምጡት። ተኝቶ የማይነቃ አለ።»

ድንቢጥ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንደ መምህር ወዲያ ወዲህ አለች። እንዲህ ስታደርግ ሁልጊዜ ይስቅባታል።

«እሺ ፕሮፍ። ዘመድየው ኪቶን ሳይሆን ኤስተር ቢሆንስ?»

«ሁለቴ ይገባል» አለ ወዲያው። «አንደኛው ገብቶ ኪቶን ያደርገዋል፤ ኪቶን ሲሆን ደግሞ ሌላውን ይጠራል። ለዚህ ነው አንድ ብቻ ላስገባ ብሎ ማሰብ የማይሠራው።»

ልክ ነው።

«በካርቦን ዳይኦክሳይድስ?»

«አሲድ። አታካብጂ ድንቢጥ፤ ነገ ይሄን ቢጠይቁኝ ዘፍኜ ነው የምወጣው።»

ይህም ልክ ነው። እንግዲያው የቅድሙ ድካም ይሆናል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ነበር፤ ቀን ተኝቶ ማታ መንቃት ከጀመረ ሰንብቷል። ደግሞ ነገ ፈተና ያለበት ሰው ምን ያልተምታታ ነገር ይኖረዋል።

ግን ማጣራት ፈለገች። በእጅጌዋ በሩን ጠረገችና ያንኑ የካርቦን ሰንሰለት፣ ያንኑ ዘበኛ፣ ያንኑ ኪቶን ጽፋ ጠመኔውን ሰጠችው። አንድ ድርሻ ብቻ እንደሆነም ከላይ ጻፈችለት።

ፕሮፍ ጠመኔውን ተቀብሎ ቀረበ። ቀስቱ ከጀመረበት ቦታ ወደ ታች እየተንሸራተተ ሄደ። በዘበኛው አናት ላይ አለፈ። ሳሎን ገባ።

«ይሄው» አለ፣ ደስ ብሎት። «አልኮል። ቀላል ነው።»

ድንቢጥ ክው አለች። ከደቂቃዎች በፊት በዚሁ ጥያቄ ላይ እንደተነጋገሩ ፊቱ ላይ ምንም ምልክት የለም። ጭራሽ አዲስ ጥያቄ እንደተሰጠው ሰው ነው የሚጠብቃት።

«ፕሮፍ» አለች ቀስ ብላ። «ሽሮፑን መቼ ነው የጠጣኸው?»

ደስታው ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ምን አገናኘው?»

ድንቢጥ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠች። ከጀርባው የተቀመጠው የሽሮፑ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር። እናታቸው ይህን ጠርሙስ ገዝታ ካመጣች ሳምንት ሊሞላው ነው።

«ስሚ» አለ ፕሮፍ አልጋው ላይ እየተቀመጠ። «ያ ሽሮፕ ሆዴን ምን እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ። የፈተና ክፍል ውስጥ በየደቂቃው እጄን እያወጣሁ ‹መምህር፣ ሽንት ቤት› ልበል? ተቆጣጣሪ አስከትዬ? ሼም የለኝም እንዴ እኔ?»

«ዶክተሯ ግን—»

«ዶክተሯ ፈተና የለባትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የመጨረሻው ነው ድንቢጥ። ሁለቴ በሕመም ምክንያት ፈተናውን አራዝመውልኛል፤ ሦስተኛ የለም ብለዋል። ይሄን አንድ ኮርስ ካለፍኩ እመረቃለሁ። ካላለፍኩ ያ ሁሉ ዓመት ገደል ገባ። ነገ ጠዋት እፈተናለሁ፣ ከሰዓት በራሴ እግር ዶክተሯ ጋ እሄዳለሁ። እዚያ አልጋ ላይ ደግሞ እጄን ካሰሩኝ ይሰሩኝ።»

ባለፈው ሲተኛ እጁን በጨርቅ ከአልጋው ብረት ጋር አስረውት ነበር። ግሉኮሱን ደጋግሞ ስለነቀለ ነው። እሱ መንቀሉ አይታወሰውም፤ መታሰሩን ግን አልረሳም።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለ።

«እሺ።»

«በኔ ሞት?»

ይህን በየቀኑ የሚባባሉት ነው። ለእርሳስም፣ ለሪሞትም፣ ለማይረባው ነገር ሁሉ «በኔ ሞት» ይላሉ። ዛሬ ግን ድንቢጥ ጫማዋን ፈለገች።

«ዳቦ ልግዛ» ብላ ወጣች።

ዳቦ ቤቱን አልፋ፣ ትልቁን መንገድ ተሻግራ፣ ወደ ሆቴሉ ጓሮ ታጠፈች። እናታቸው የምትሠራው እዚያ ያለው የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ወለሉ ርጥብ ነው፤ የማሽኑ ጩኸት ሰውን አፉን ከጆሮ ገጥሞ እንዲነጋገር ያስገድደዋል። እናቷ ከአንዲት ወፍራም ባልደረባዋ ጋር አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው በጋለው የመተኮሻ ሲሊንደር ሥር እየሰደዱ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለች እናቷ ገና ስታያት። አንሶላውን ግን አልለቀቀችም።

«ፕሮፍ ተምታታበት።»

«ምን አለ? ምን ተናገረ?»

«ኬሚስትሪ ተሳሳተ።»

ባልደረባዋ ሳቀች። «የኔማ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ እንደተሳሳተ ነው። ሐኪም ቤት ልውሰደው እንዴ?»

እናቷ አልሳቀችም። አንሶላው በወዲያኛው በኩል ተጣጥፎ እስኪወጣ ጠብቃ እጇን በሽርጧ ጠራረገች። ከግድግዳው ላይ አንድ ነጭ ሸሚዝ ከነማንጠልጠያው አነሣች። ፕሮፍ ለነገው ፈተና እንዲለብሰው የተኮሰችው ነው። ለአለቃዋ አንድ ነገር ተናግራ፣ ሸሚዙን እንዳይጨማደድ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከድንቢጥ ፊት ፊት ሄደች።

ሲደርሱ ፕሮፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ ነበር። የቁም ሳጥኑ በር ንጹሕ ሆኗል። የጠመኔ ብናኝ እንኳን አልቀረበትም።

«ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለች እናቱ ከበሩ ሳትገባ።

ፕሮፍ ድንቢጥን በጎሪጥ አየት። ወዲያው ፈገግ አለ።

«ሐሙስ። ነገ ዓርብ፣ ፈተና አለብኝ። አንቺ እናቴ ነሽ። ይሄ ሸሚዝ ነው፣ ያውም ቆንጆ። ይቺ ደግሞ» አለ ወደ ድንቢጥ እየጠቆመ፣ «ሬዲዮ ናት። ዜና ስታጣ የምትፈጥር ሬዲዮ።»

እናታቸው ትከሻዋ ወረደ። ሸሚዙን ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ግንባሩን ሳመችው።

«እማዬ፣ ሰሌዳው ላይ ነበር እኮ። ሁለቴ። ልጻፍልሽና እዪው።»

«ብትጽፊውስ እኔ አነበዋለሁ?» አለች እናቷ ተቆጥታ። «ነይ ወዲህ።»

ማድ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረገችው።

«ወንድምሽ የሚናገረውን ያውቃል። ይስቃል፣ ይቀልዳል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሽሮፑን አልጠጣም። ጠርሙሱ ሙሉ ነው።»

እናቷ ወደ ምድጃው ዞረች። ማንቆርቆሪያውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ማታ ራሴ አጠጣዋለሁ።»

«ዶክተሯ ‹በዚያው ሰዓት› ብላለች።»

«ያለችውን ሰምቻለሁ። አንቺ ብቻ አይደለሽም ጆሮ ያለሽ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንድ ቀን ናት ልጄ። አንዲት ጠዋት። ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ ያቺን ወረቀት ሳይዝ ከሚሞት—»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ድንቢጥን ሳታያት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ድንቢጥ ለአፍታ ቆመች። እናቷ ልክ ብትሆንስ? ነገ ጠዋት ነቅቶ ሁሉን አሳምሮ ቢሠራውስ? ኤስተሩን አውቆታል፣ አሲዱንም አውቆታል። በአንዲት ሃይድሮጅን ምክንያት የወንድሟን ምረቃ የቀበረችው እሷ ልትሆን ነው። ዕድሜ ልኩን ቢያነሣባት አይፈረድበትም። እሷም በሱ ቦታ ብትሆን ታነሣዋለች።

ግን ዘበኛውን የፈጠረው እሱ ነው። ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ እሷን ሊያስቃት ከራሱ ጭንቅላት ያወጣው ነው። ተማሪ ዘበኛውን ሊረሳ ይችላል። እሱ ግን «የቱ ዘበኛ?» ብሎ ነው የጠየቃት።

የእናቷ ስልክ መደርደሪያው ላይ ነበር። ድንቢጥ አንሥታ በጓሮ በር ወጣች። ልብስ የሚሰጣበት ሽቦ ሥር ቆማ «ዶክተር» የሚለውን ስም ፈለገች። ፀሐይዋ ከጎረቤቱ ጣሪያ ጀርባ ልትገባ ነው። ስልኩ ብዙ ጠራ።

«ማን ልበል?» አለች ዶክተሯ።

«የጉበት ሕመምተኛው እህት ነኝ፤ የኬሚስትሪ ተማሪው። እርስዎ ጋ ከእናቴ ጋር የምመጣው።»

«አወቅኩሽ። ምን ሆነ?»

«ሽሮፑን ትቶታል። ደግሞ ተምታታበት።»

«ቀኑን ያውቀዋል?»

«ያውቃል።»

«እናንተን ይለያል?»

«ይለያል። ይቀልዳልም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተምታታበት?»

ድንቢጥ ነገረቻት። ስትናገረው ለራሷ ጆሮ እንኳን የልጅ ጨዋታ መሰላት፤ ግልፍተኛው፣ ሳሎኑ፣ ዘበኛው። መሀል ላይ አፍራ ልታቆም ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ዶክተሯ አላቋረጠቻትም።

«ይሄን ያስተማረሽ እሱ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚህ በፊት ተሳስቶ ያውቃል?»

«ሆን ብሎ ብዙ ጊዜ። ሳያውቅ ግን አንድም ቀን።»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«የለም። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያነበው የለም።»

«ስልኩን ለእናትሽ ስጫት።»

ድንቢጥ አልተንቀሳቀሰችም። «ነገ ጠዋት ፈተና አለበት» አለች። «የመጨረሻው ነው።»

«ገባኝ» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ አልጠነከረም። «እናትሽ ቅርብ ናት?»

እጇ ላይ ያለውን ስልክ መዝጋት ትችል ነበር። ጓሮው ውስጥ ማንም አላያትም፤ ማንም አልሰማትም። ድንቢጥ ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰችና ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችው።

እናቷ መጀመሪያ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ አዳመጠች። «እሺ ዶክተር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እሺ» አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ አላነሣችውም።

«እኔ ታክሲ ልፈልግ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ንገሪው። እኔ አልችልም።» በጓሮ በር ወጣች።

ፕሮፍ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ከድኖ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ድንቢጥ ስትገባ ዓይኑን ገለጠ።

«ሬዲዮ። ዜና አለ?»

«ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። አሁኑኑ አምጡት ብላለች።»

የሚቀልድ መስሏት ጠበቀች። አልቀለደም። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቁጭ አለ። ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ አየ፤ ከዚያም እሷን።

«ለእማዬ ስትነግሪ ይቅር ብዬሽ ነበር» አለ። «ይሄን ግን አልረሳውም። ገባሽ? እስክሞት አልረሳውም። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

«እሺ» አለች ድንቢጥ። «አትርሳው።»

ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ጫማዎቹን ጎትታ አወጣች። የአንደኛውን ክር ማላላት ጀመረች። ውጭ መኪና ሲቆምና እናታቸው ሹፌሩን «አንድ ጊዜ» ስትለው ተሰማ። ወንድሟ እግሩን አላነሣላትም። እሷም አልጎተተችውም። የሁለተኛውንም ክር አላላችና፣ ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሩን እስኪሰጣት ጠበቀች።